ለስምንት ሰው ተናግሬ ከአንቺ የደበቅሁት

ለምወድሽ እኅቴ ለሙሉነሽ፣

እንደምን ከርመሻል እታለም? ያ የወገብ ሕመምሽ ለቀቀሽ ወይ? ጋሽ ይርዳውስ፣ ልጆቹስ፣ የሐዋሳው ሙቀትስ እንዴት አድርጓችኋል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን በሕይወት አለን። ደህና ነኝ ብዬ ልጽፍልሽ ብል ግን እጄ እምቢ አለኝ። ይኼን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ተነሥቼ ወጥቻለሁ። ስለ ወንድማችን ስለ ፍሥሐ ያልነገርኩሽ ነገር አለ። ከአንቺ በፊት ባዕድ ሰምቶታል፤ ዕረፍት የነሳኝም እሱ ነው።

አምና ነሐሴ ደራሽ ውሃ ፍሥሐን ከወሰደው ወዲህ መቀመጥ አልሆነልኝም። እህል የምቀምሰው ቆሜ ነው። ትልሙን ሳልጨርስ እርፉን ለቅቄ እሄዳለሁ። ጠበልም ተጠምቄ ነበር። በመጨረሻ ካሣነሽ "ሚስትህ ነኝ እንጂ እረኛህ አይደለሁም" ብላ መካነ ኢየሱስ ከተማ ወስዳ ሲስተር ሕሊና ከምትባል የምክር ባለሙያ ጋር አገናኘችኝ። ሲስተሯ ወደ ውሃው ነገር ስትጠጋ እኔ ስለ ገብሱ አወራለሁ።

ቢቸግራት፣ ሐዘን የጎዳቸው ስምንት ሰዎች ሐሙስ ሐሙስ አብረው ስለሚቀመጡ ከእነሱ ጋር ሞክር አለችኝ። "ለንስሐ አባቴ እንኳ ያልተነፈስኩትን ለስምንት ሰው ልዘርግፈው? በማግስቱ ገበያው ሁሉ ይሰማዋል" አልኳት። "የሰማነውን ላናወጣ ቃል ተገባብተናል። አንተ አትናገር፤ ስማ ብቻ። ካልተመቸህ በሩ ክፍት ነው" አለችኝ። እውነቱን ልንገርሽ፣ የሄድኩት ለበሩ ስል ነው።

ሁለት ሐሙስ ማንም ሳይተነፍስ አለቀ። ከመካከላችን አቶ ወርቁ የሚባሉ የታወቁ አስታራቂ ሽማግሌ አሉ። ታላቅ ሳይናገር ማን አፉን ይከፍታል ብለን እኛ እሳቸውን እንጠብቃለን። እሳቸው ደግሞ ሽማግሌ ባለጉዳዩን ሰምቶ በመጨረሻ ነው የሚናገረው ብለው እኛን ይጠብቃሉ። በሦስተኛው ሐሙስ አልቻልኩም፣ ብድግ አልኩ። "የት ነው ልጄ? የእናንተን ሳልሰማ ምን ብዬ ልፍረድ?" አሉኝ። ሲስተር ሕሊና "አባባ፣ እርስዎም እንደነሱ ሊታከሙ እንጂ ሊፈርዱ አይደለም የመጡት" ብትላቸው ቤቱ በሳቅ ሞላ። እሳቸውም ስቀው ስቀው፣ ከዚያ በጋቢያቸው ፊታቸውን ሸፈኑ። ልጃቸውን የቀበሩ ዕለት ለቀስተኛውን ሲያጽናኑ ውለው እሳቸው አላለቀሱም ኖሯል።

እኔም ተመልሼ ተቀመጥኩና ተናገርኩ። የዚያን ዕለት ወንዙን ስንሻገር በአንድ እጄ የፍሥሐን እጅ፣ በሌላው የበሬውን ገመድ ይዤ ነበር። ውሃው ሲበረታ አንዱን መልቀቅ ነበረብኝ። የለቀቅሁት እጁን ነው። አስቤ አይደለም፣ ግን ለቀቅሁት። በለቅሶው ላይ ውሃው ከእጄ ነጠቀኝ ያልኩሽ ውሸት ነው። ዛሬም የማርሰው በዚያው በሬ ነው።

ማንም አልፈረደብኝም። አቶ ወርቁ ብቻ "ለእኅትህ ነግረሃታል?" ብለው ጠየቁኝ። አልነገርኳትም አልኩ። "እንግዲያው ገና ግማሹን ነው የተናገርከው" አሉኝ።

እናታችን ስትሞት ፍሥሐን አዝለሽ ያሳደግሽው አንቺ ነሽ። ይቅር በይኝ ለማለት ድፍረቱ የለኝም። መርገም ካሻሽ እርገሚኝ፣ ዝም ብቻ አትበይኝ።

ካሣነሽ ሰላም ትልሻለች፤ እሷም የሰማችው ትናንት ነው። ጋሽ ይርዳውን እጅ ነሥቷል በይልኝ። ቅድስትንና ጥበቡን ሳሚልኝ፤ ስለ አጎቶቻቸው ምን እንደምትነግሪያቸው አንቺ ታውቂያለሽ።

ወንድምሽ ፍሬው
እስቴ፣ ኅዳር 19 ቀን 2017 ዓ.ም.