ለሟች በቀረበ ሳህን ምክንያት ስለታሰረው ስለ ኤውሎሂዮ ጋሊናቶ

እ.ኤ.አ. ሜይ 16 ቀን 1900

ለሳን ቴልሞ ከተማ የአሜሪካ ጦር ሰፈር አዛዥ
ኢሎኮስ፣ ሰሜን ሉዞን፣ ፊሊፒንስ

ጉዳዩ፦ በእኔ ቃል ምክንያት የታሰረው ኤውሎሂዮ ጋሊናቶ ቅዳሜ በመርከብ ከመወሰዱ በፊት እንዲለቀቅልን ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

እኔ አመልካች፣ ጎረቤቶቼ ኮላ የሚሉኝ ኤስኮላስቲካ ታቢዮስ፣ የሳን ቴልሞ ነዋሪ ነኝ። የምተዳደረው ሸማ በመሸመን ነው። የስፔኑ ቄስ ከተማውን ጥለው ከሄዱ ወዲህ በየለቅሶ ቤቱ ጸሎት የምመራውም እኔ ነኝ። የከተማው ጸሐፊ «እትዬ፣ በዚህ ጉዳይ እጄን አላስገባም» ስላለኝ ይህን አቤቱታ የጻፍኩት በራሴ እጅ ነው። ፊደል የለየሁት የደረቀ ዓሣ ከሚጠቀለልበት ጋዜጣና ከጸሎት መጽሐፍ ቅዳጅ ላይ በመሆኑ፣ አጻጻፌ ከሥርዓት ቢጎድል እንደ ድፍረት እንዳይቆጠርብኝ በትሕትና እለምናለሁ።

1. ነገሩ የሆነው እሑድ ሜይ 13 ቀን ነው። ሙቀቱ ከብዶ ነበር፤ ደመናው ተራራው ላይ ተቀምጦ ዝናቡን አልለቅ ብሏል። ከቀትር በኋላ በኤውሎሂዮ ቤት የነበርነው ስድስት ሰዎች ነን፦ ባለቤቱ ኤውሎሂዮ፣ የሟች ወንድሙ ሚስት ሄርቫሲያ፣ አክስቱ አሮጊቷ ቲባንግ፣ ሁለት ጎረቤቶችና እኔ። የተሰበሰብነው የሟቹን የአምብሮሲዮን ዘጠነኛ ቀን ለማሰብ ነው። አምብሮሲዮ፣ እኛ አምቦ የምንለው፣ ጨው አፍልቶ የሚሸጥ ሰው ነበር። በንዳድ በሽታ ሞተ፤ ጸልዬ የቀበርኩት እኔ ነኝ። መቃብሩ ከከተማው በስተ ምሥራቅ፣ ወደ ተራራው በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። ቄስ ስለሌለን ሞቱን የመዘገበው የለም።

2. በእኛ ዘንድ በዘጠነኛው ቀን ለሟቹ ሳህን ይቀርብለታል። የሩዝ ቂጣ፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ ጥቅል ትምባሆና በትንሽ ብርጭቆ የሸንኮራ አገዳ ጠጅ ይቀመጥለታል። ሟቹ የሚመጣው እኛ ከማዕዱ ስንነሳለት ነው፤ መጥቶ እስኪበላ ድረስ በዚያ ሳህን አጠገብ «ሞቷል» የሚል ቃል አይነገርም። ቃሉን ከሰማ ከደጃፍ ይመለሳል፣ ዳግመኛም ቤቱን አያገኘውም ብለን እናምናለን። ስለ እሱ ቢጠየቅ የምትመልሰው ጸሎት መሪዋ ብቻ ናት፤ መልሷም «እየመጣ ነው» የሚል ነው። በዚህ ነገር እኔ ጥብቅ ነኝ። ቃሉ ያመለጠውን ሰው በሰው ፊት እስከ መገሠጽ ደርሻለሁ።

3. ጸሎቱን ሳንጨርስ ወታደሮችዎ ከመቶ አለቃቸው ጋር ወደ ቤቱ የሚያስገባውን መሰላል ወጡ። አስተርጓሚያቸው ዶን ፌርሚን ነበር። ይህ ሰው ከስፔን ጦር ቀርቶ እዚሁ የከረመ ነው። ቋንቋችንን አሳምሮ ያውቃል፤ ለቅሷችንን ግን አያውቅም።

አንድ ወጣት ወታደር እጁን ወደ ሩዝ ቂጣው ሲሰድ አሮጊቷ ቲባንግ «ተው አንተ ልጅ! ከእሱ ሳህን የነካ አፉ ይጣመማል!» ብላ ጮኸችበት። ዶን ፌርሚን ሲተረጉምለት ወታደሩ አፉን አጣሞ አሳያትና ጎረሰው። እሷም «ድሮም ቀና አልነበረም» አለች። ሁላችንም ሳቅን፤ መቶ አለቃውም ፈገግ አለ። በሰላም የሚያልፍ መስሎኝ ነበር።

መቶ አለቃው ግን እኛን አየና ሳህኖቹን ቆጠረ። ሳህኖቹ ሰባት ነበሩ።

«ይህ የማነው?» አለ በዶን ፌርሚን አፍ።

«የአምቦ ነው» አልኩ።

«የት ሄዶ?»

«እየመጣ ነው።»

«መቼ ነው የሚደርሰው?»

«እኛ ስንነሳለት።»

«በየት በኩል ነው የሚመጣው?»

በከንፈሬ ወደ ምሥራቅ አመለከትኩ። እኛ ጣት አንቀስርም፣ መንገድ የምናሳየው በከንፈር ነው። መቃብሩ በዚያ በኩል ነው። ተራራውም በዚያው ነው፤ በእናንተ ላይ ጠመንጃ ያነሡት ሰዎች ያሉትም ተራራው ላይ ነው። ይህ ያን ጊዜ አልታየኝም።

4. መቶ አለቃው፣ ኤውሎሂዮ ሽፍታ ቀላቢ ነው ብሎ እንዲታሰር አዘዘ። ኤውሎሂዮ ሥርዓቱን ጥሶ «ጌታዬ፣ ወንድሜ እኮ ሞቷል! ይህ የሙት ምግብ ነው» አለ። ቲባንግ ጆሮዋን ያዘች። መቶ አለቃውም «ሴትዮዋ ይመጣል ትላለች፣ አንተ ሞቷል ትላለህ፤ ውሸታሙ ማን ነው?» ብሎ ወደ እኔ ዞረ።

ክቡር ሆይ፣ በዚያ ቅጽበት አንዲት ቃል ትበቃ ነበር። ኤውሎሂዮም እጁ ከኋላው እየታሰረ «እትዬ ኮላ፣ ንገሪያቸው እንጂ! አምቦ በሕይወቱም ለምሳ በሰዓቱ ደርሶ አያውቅ፤ ዛሬ ቢቀር ምን ይለናል!» አለኝ። ሊያስቀኝ ሞክሮ ነበር። እኔ ሳህኑን እያየሁ ዝም አልኩ።

ፈርቼ ነው ብል እውነት ነው፤ ግን ሙሉ እውነት አይደለም። ጠመንጃውን ከፈራሁት ይልቅ «ኮላ ራሷ ሥርዓቱን አፈረሰችው» መባልን ፈራሁ። እዚያ ቤት ውስጥ ሰው ሁሉ ዓይኔን ዓይኔን ያየኝ ነበር፤ እኔም የምትታየው መሪ ሆኜ መቅረትን መረጥኩ። ዝምታዬን መቶ አለቃው እንደ ምስክርነት ወሰደው። ኤውሎሂዮን መሰላሉን ሲያወርዱት ሄርቫሲያ «ምነው እትዬ?» አለችኝ፤ ሌላ ቃል አልጨመረችም።

5. ስፔን ለአሜሪካ አሳልፋ ስትሰጠን ከእኛ ወገን የተጠየቀ ሰው የለም። ሆኖም ጦርዎ እንደገባ በማዘጋጃ ቤቱ በር ላይ የተለጠፈው ማስታወቂያ፣ የመጣችሁት በወዳጅነት መሆኑን፣ ቤታችን፣ ሥራችንና ሃይማኖታችን እንደሚጠበቅልን ይናገራል። ማስታወቂያውን ማንበብ ለማይችሉ ጎረቤቶቼ ጮክ ብዬ ያነበብኩላቸው እኔ ነኝ። «አይዟችሁ፣ ጸሎታችንን አይነኩም» ያልኳቸውም እኔ ነኝ። ኤውሎሂዮ በሩን በጠራራ ፀሐይ ከፍቶ ሳህን የደረደረው ይህን ቃሌን አምኖ ነው። ለሙታን የሚቀርብ ሳህን ሃይማኖት ከሆነ፣ ማስታወቂያው እሱንም ይመለከታል ብዬ አምናለሁ። ይህን የምለው ግን ጥፋቴን በማስታወቂያው ለመሸፈን አይደለም።

6. ስለዚህ ከዚህ የሚከተለው እንዲፈጸምልኝ በታላቅ አክብሮት አመለክታለሁ።

ሀ. ነገሩ እስኪጣራ ድረስ ኤውሎሂዮ ጋሊናቶ ቅዳሜ ወደ ማኒላ በሚሄደው መርከብ እንዳይጫን።

ለ. የአምብሮሲዮ መቃብር በወታደሮችዎ ፊት እንዲከፈት። ቦታውን እኔ አሳያለሁ፤ የሚቆፍር ከጠፋም እኔው እቆፍራለሁ። በቀኝ እግሩ ላይ ከጨው ማፍያው ምጣድ የቀረ ሰፊ የቃጠሎ ጠባሳ ነበረው፤ ቆዳው ካልጠፋ ይታያል። መቃብር መክፈት በእኛ ዘንድ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ለክቡርነትዎ ማስረዳት አልችልም። ሚስቱን ሄርቫሲያን ተንበርክኬ ጠይቄያታለሁ። «ቆፍሩት በያቸው» አለችኝ። «አምቦን እኔ አውቀዋለሁ፤ ለወንድሙ ብለን ቀሰቀስነው ብሎ አይቆጣም። የምትቆጪው አንቺ ነሽ።» እኔም ከእንግዲህ እንደማልቆጣ ነገርኳት።

ሐ. ለተሰጠው ቃልና ለዝምታው የሚቀጣ ሰው ካስፈለገ እኔ እንድቀጣ። ኤውሎሂዮ ግን ይለቀቅ፤ ምንም አላጠፋም። እንዲያውም በዚያ ቤት በሰዓቱ እውነቱን የተናገረው እሱ ብቻ ነው።

7. አንድ ነገር ይቀረኛል። እሱን ካልጻፍኩ ከላይ የጻፍኩት ሁሉ ጎደሎ ነው።

ከዘጠነኛው ቀን ማግስት ሐዘንተኞቹን ወንዝ አውርዳ ፀጉራቸውን የምታጥበው ጸሎት መሪዋ ናት። ሰኞ ገና ሲነጋ ተነሣሁ። የእኔ መንገድ ጫፍ ላይ ወደ ግራ የእርስዎ ሰፈር ነው፣ ወደ ቀኝ ወንዙ። የሰፈሩ ጥሩምባ ሲነፋ ሰማሁ። «ቢሮው ገና አልተከፈተም» አልኩ ለራሴ፤ መከፈቱን ግን አውቅ ነበር። ወደ ቀኝ ሄድኩ።

የሩዝ ገለባ አመድ በውሃና በሸንኮራ ጠጅ በጠበጥኩ። መጀመሪያ የሄርቫሲያን ፀጉር፣ ቀጥሎ የቲባንግን አጠብኩ። ቲባንግ «ኮላ፣ ምነው ዓይንሽ መንገዱ ላይ ቀረ? ፀጉሬ እኮ እዚህ ነው» አለችኝ። ሁለቱንም አበጠርኩ፣ ጸሎቱን እስከ መጨረሻው ደገምኩ፣ አንዲት ሐረግ አልዘለልኩም። ከዚያ በኋላ ነው ወደ ሰፈሩ በር የመጣሁት።

በሩ ላይ ያገኘሁት ዶን ፌርሚንን ነው። «ዘገየሽ፣ እትዬ» አለኝ። «ከሌሎቹ እስረኞች ጋር አሁን በጋሪ ወደ ወደብ ወሰዱት። መቶ አለቃው ከመፈረሙ በፊት ስለዚህ ሰው የሚናገር መጥቷል ወይ ብሎ ጠይቆኝ ነበር። ማንም አልመጣም አልኩት።»

እጅጌዬ ገና አልደረቀም ነበር።

ከሰላምታ ጋር፣ ከሰፈርዎ በር ሳልርቅ መልስዎን እጠብቃለሁ።

ኤስኮላስቲካ ታቢዮስ
(ፊርማ)