«እንደማትከሺው ንገሪው»

ሰኞ

አባዬ ዛሬ ሊያየው ቤት የመጣውን ዶክተር ታምራትን «ግደለኝ» አለው። እኔ እግሩ ሥር ተቀምጬ ነበር።

ቤት ውስጥ የምናወራው በሀዲይኛ ነው። ዶክተሩ ከሌላ ዞን፣ ከሺንሺቾ የመጣ ስለሆነ ሀዲይኛ ብዙም አይሰማም፤ አባዬ የሚለውን ሁልጊዜ የማስተረጉመው እኔ ነኝ። ዛሬ ግን ነገሩ በእኔ አፍ እንዲያልፍ አልፈለገም። ጉሮሮው ውስጥ በቀረችው ትንሽ ድምፅ፣ ራሱ በአማርኛ፣ «ዶክተር፣ መርፌ አለህ። ግደለኝ» አለው።

ዶክተሩ አቀረቀረ። «አባባ፣ እሱን አላደርግም» አለ። ከዚያ ቀና ብሎ እኔን አየኝ። ምን እንደምሠራ ያውቃል። የአስከሬን ምርመራ ውጤት እያብራራ ስንቴ ችሎት ፊት መስክሮልኛል። የዞኑ ዓቃቤ ሕግ ነኝ። የታማሚው ልጅም እኔው ነኝ።

አዲስ አበባ ያሉት ሐኪሞች «ካንሰሩ ጉሮሮውን ዘግቶታል፣ ቤታችሁ ውሰዱት» ካሉን ወዲህ አባዬ ስለ ሞት ሲናገር ይህ የመጀመሪያው ነው።

ማክሰኞ

ቢሮ ግምገማ ነበር። ጠዋቱን ሙሉ ስለ መልካም አስተዳደር ሲወራ አንድም ቃል አልገባኝም። ስንወጣ በሬን ዘግቼ የወንጀል ሕጉን ገለጥኩት። በቃሌ የማውቀውን። ሰው ራሱን እንዲያጠፋ የረዳ ይቀጣል። ሟቹ ራሱ ለምኖ ነበር ማለት ገዳዩን ነፃ አያወጣም። ለሐኪም የተለየ ነገር ይኖር እንደሆነ ፈለግኩ። ለማይድን በሽታም። የለም።

ከድር ደወለ። ታላቅ ወንድሜ ነው፣ ሆመቾ እህል ይነግዳል። አባዬ ያለውን ነገርኩት። «ነፍስ የአላህ ናት። ታገሥ በሉት» አለኝ። ተናደድኩ። የአባዬ ማቃሰት በስልክ አይሰማው።

ደግ ነገር፦ አክስቴ ዘሃራ ወተት በማንኪያ ሰጥታው ዋጠ። ትንሽ ነው፣ ግን አልመለሰውም።

የሚያስፈራኝ፦ የሚወስደው ማስታገሻ ምንም እየሠራለት አይደለም። ጎኑ መቁሰል ጀምሯል። ደግሞ ሐሙስ ችሎት አለኝ፣ አልተዘጋጀሁም።

ረቡዕ

ዛሬ እኔን ጠየቀኝ። በሀዲይኛ።

«ያ ዶክተር የሚፈራው አንቺን ነው» አለኝ። «እንደማትከሺው ንገሪው።»

«አባዬ፣ ሕጉ እኮ የእኔ አይደለም።»

«የመንግሥት ከሳሽ አንቺ አይደለሽም?»

«ነኝ።»

«እንግዲያው ተይው።»

ለእሱ ነገሩ ይህን ያህል ቀላል ነው። ዕድሜውን በጭነት መኪና የሞርሲቶን መንገድ ጭቃ ሲፈጭ ኖሮ ነው ያስተማረኝ። እናታችን ከሞተች በኋላ ሌላ ሚስት አላገባም። አንድ ቀን እንኳ ለራሱ ይህን አድርጊልኝ ብሎኝ አያውቅም። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። «ለሰው ሁሉ ትደርሻለሽ» አለኝ።

ጓሮ ወጥቼ እንሰቱ መሃል አለቀስኩ። አክስቴ አየችኝና እንዳላየች ሆና ተመለሰች።

ሐሙስ

ከችሎት እንደወጣሁ ሆስፒታል ሄድኩ። ዶክተር ታምራት ተረኛ ነበር። ግቢው ውስጥ አግዳሚ ላይ ተቀመጥን።

«ሕጉ ባይኖር ታደርገው ነበር?» አልኩት።

«አላደርገውም ነበር» አለ። «ዛሬ ለአባትሽ አደረግኩት እንበል። ነገ ማስታመም የሰለቻቸው ልጆች አባታቸውን ይዘውልኝ ይመጣሉ። ሽማግሌው ራሱ ሸክም ሆንኩባቸው ብሎ ይለምነኛል። የትኛው ከልቡ እንደሆነ በምን አውቃለሁ?»

ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ በዚህ ጉዳይ ተከራክረን ነበር። ሐኪም እንዲረዳ የሚፈቅዱ አገሮች አሉ፤ ሌላ ሐኪምም አይቶት፣ ታማሚው ደጋግሞ ተጠይቆ ነው የሚደረገው። ይህንኑ ነገርኩት።

«እነሱ ጋ ሞርፊን ሞልቷል» አለ። ድምፁ ጠነከረ። «እዚያ የሚለምነው ሁሉን ሞክሮ ነው። እኔ ለአባትሽ ምን ሰጠሁት? እኛ ጋ ሰው ሞትን የሚለምነው ማስታገሻ አጥቶ ነው። መጀመሪያ እሱን ልስጠው፣ ከዚያ እንከራከራለን።»

«ሳታገኝለት እያቃሰተ ቢሞትስ?»

«ነገ ራሴ አዲስ አበባ ሄጄ ሞርፊን አመጣለሁ» አለኝ። የፈቃዱን ወረቀት ሲያስጨርስ ሰንብቷል፤ ለእኛ ግን ሳይሳካ ተስፋ እንዳይሰጠን ብሎ አልነገረንም።

ዶክተሩ ትክክል ነው አልኩ፣ መንገዱን ሙሉ። ቤት ስደርስ የአባዬ ማቃሰት ከአጥሩ ውጭ ይሰማል። ያ ሁሉ ክርክር በሩ ላይ ጥሎኝ ሄደ።

ዓርብ

ከድር ጁምዓ ሰግዶ ከሆመቾ መጣ። አክስቴ ትንሽ ትረፍ ብሎ አባዬ አጠገብ እሱ ተቀመጠ። ቁስሉን ስናጥብለት ደግፎ ያዘው። ከዚያ ውጭ ጠራኝ።

«ለይላ፣ ዶክተሩን ለምኚው» አለኝ። «ኃጢአቱም ወንጀሉም በእኔ ይሁን።»

«ነፍስ የአላህ ናት አላልክም?»

«አሁንም የአላህ ናት። ግን እንዲህ መሆኑን አላወቅኩም ነበር።»

ወንጀል ለሌላ ሰው ተሸከምልኝ ተብሎ እንደማይሰጥ ነገርኩት። ትናንት ዶክተሩ ፊት ለአባዬ የተሟገትኩት እኔ ዛሬ እምቢ ባይ ሆንኩ። ሐሳቡ ከሰው አፍ ሲወጣ አስፈራኝ። ከድር መሬት ላይ ቁጭ ብሎ አለቀሰ። እናታችንን ስንቀብር እንኳ እንዲህ ሲያለቅስ አላየሁትም።

ቅዳሜ

ሞርፊኑ መጣ! ዶክተር ታምራት ከሚኒባስ ወርዶ ቤቱ ሳይገባ በቀጥታ እኛ ጋ ደረሰ። ፈሳሽ ነው፣ በትንሽ ጠርሙስ።

ከመስጠቱ በፊት እኔንና ከድርን ውጭ ጠራን። «ሕመሙ ሲበረታ መጠኑን እጨምራለሁ። ሰውነቱ ደክሟል፣ ትንፋሹን ሊያዘገየው ይችላል። የምሰጠው ለሕመሙ ነው እንጂ እንዲሞት አይደለም። ልዩነቱን አንቺ ታውቂዋለሽ።»

አውቀዋለሁ። ሰውየው ምን አደረገ፣ ሲያደርገው ሐሳቡ ምን ነበር? ችሎት የምከራከረው በዚሁ ነው።

ምላሱ ሥር ጠብ አደረገለት። ቆይቶ አባዬ ተኛ። ግንባሩ ተፈታ። የአባዬን ፊት ረስቼው ኖሯል።

እሑድ

ትራስ ተደግፎ ቁጭ አለ! ሞርሲቶ ላይ ወንዝ ሞልቶበት የቆመ ጊዜ ከላይ የተሳፈሩት ሰዎች የጫነውን ሙዝ በልተው እንደጨረሱበት ለከድር አወራለት። በሹክሹክታ ነው፣ ግን ሳቀ። ሁላችንም ሳቅን። አክስቴ ዘሃራ አላህን አመሰገነች።

ብቻችንን ስንቀር «ያንን ነገር ተውከው አይደል?» አልኩት።

«አልተውኩትም» አለ። «ያን ጊዜ የለመነው ሕመሙ ነው። አሁን የምለምነው እኔ ነኝ። በቃኝ፣ ልጄ።»

ይህን አልጠበቅኩም። ዶክተሩም የሚጠብቅ አይመስለኝም።

«አልችልም፣ አባዬ።»

«አውቃለሁ» አለ። እጁን ራሴ ላይ ጭኖ ዱዓ አደረገልኝ። አልተቆጣም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ለዶክተሩ አልነገርኩትም።

ማክሰኞ

አባዬ ሞተ።

ትናንት መጻፍ አልቻልኩም። ሕመሙ በርትቶ ተመለሰ፤ ዶክተሩ መጥቶ መድኃኒቱን ጨመረለት። ሲለካ አጠገቡ ቆሜ አይቻለሁ። ጥቂት ነው የጨመረው፤ ማቃሰቱ እስኪተወው ድረስ ብቻ። አባዬ ተኛና አልነቃም። ዛሬ ረፋዱ ላይ ትንፋሹ እየራቀ፣ እየራቀ ሄዶ ቆመ። ከድር ጆሮው ሥር ሸሃዳ ይልለት ነበር። ከዙህር ሶላት በኋላ ቀበሩት።

ሐሙስ

የለቅሶው ድንኳን ገና አልተነሳም።

ከድር ለብቻ ወስዶኝ «ዶክተሩ እንዲሞት ብሎ ሰጠው እንዴ?» አለኝ።

«ለሕመሙ ነው የሰጠው።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«አጠገቡ ነበርኩ።»

ራሱን ነቀነቀ። የትኛውን መልስ ፈልጎ እንደነበር ከፊቱ ላይ ማወቅ አልቻልኩም።

ለዶክተሩ የትም ቆሜ እመሰክርለታለሁ። ለራሴ ግን መመስከር አቃተኝ። ማክሰኞ ዕለት ትንፋሹ ሲቆራረጥ፣ እጁን ይዤ፣ ያ ትንፋሽ እንዳይመለስ ለመንኩ። ምንም አላደረግኩም። በምኞት ብቻ የሚከሰስ ሰው የለም። ቢሆንም ለምኛለሁ።

ከሰዓት ዶክተር ታምራት ለቅሶ መጣ። ስሸኘው አባዬ እሑድ ያለኝን ነገርኩት። በሩ ላይ ቆመ።

«ለእኔ ነግሮኝ ቢሆን ምን እመልስለት ነበር?» አለ።

«እንጃ» አልኩት።

«እኔም እንጃ።»

ሰኞ ሥራ እገባለሁ። እንዲህ ያለ መዝገብ አንድ ቀን ጠረጴዛዬ ላይ ቢቀመጥ ምን እንደምጽፍበት አላውቅም። አባዬ ሳያቃስት ነው የሄደው። ለዚህ አላህን አመሰግናለሁ። ለቀረው ገና ቃል የለኝም።