የሰሌዳው ቀኝ ጥግ

ውድ አባዬ፣

ከተለየኸን ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆነ። መርሳ ደኅና ናት። ጓሮ የተከልከው፣ አያፈራም ብለን የቀለድንብህ ማንጎ ዘንድሮ አፍርቶ እማዬ ለጎረቤት ስታድል ከረመች፤ ለሰጠችው ሰው ሁሉ የእሱ ነው ትላለች። ነጩን ጋዋንህን እኔ እለብሰዋለሁ። እጅጌውን አሳጥራልኛለች፣ ትከሻው ግን አሁንም ይሰፋኛል።

አዎ፣ አንተ ባስተማርክበት ትምህርት ቤት፣ ያንኑ ባዮሎጂህን እንዳስተምር ተመደብኩ። ቶሎ ደስ እንዳይልህ፤ አጀማመሬ አያምርም ነበር። ሁሉም ከአንተ ጋር እያስተያየ ነው የሚያየኝ። ጥሩ መምህር ማለት ተጠይቆ መልስ የማያጣ ነው ብዬ አምን ነበር፤ አንተ ቤት አድጌ ይህን ከየት እንዳመጣሁት እንጃ።

ጥቅምት ላይ ነው። ከግራና ገጠር መጥታ እዚህ ቤት ተከራይታ የምትማር ዘይነባ የምትባል የገበሬ ልጅ እጇን አወጣች። አቀንጭራ የሚባለው የማሽላ አረም፣ ማሾ በዘሩበት ዓመት ድራሹ ይጠፋል፤ በዓመቱ ማሽላ ሲዘሩ ግን ማሳውን ይሞላዋል። ማሽላ መዘራቱን ማን ይነግረዋል ብላ ጠየቀችኝ። አላውቅም ነበር። ግን ፈጠን ብዬ ዘሩን ነፋስ ያመጣዋል አልኩ።

«ቲቸር፣ ማሾ በዘራን ዓመት ነፋስ የለም እንዴ?»

ክፍሉ ሳቀ፣ እኔም ተቆጥቼ አስቀመጥኳት። ዘይነባ ደብተሯን ከደነች። ከዚያ ቀን ወዲህ እሷም ሌሎቹም እጅ ማውጣት ተዉ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ያስተማርኩት ግድግዳውን ነው። ወልድያ ወደ ቢሮ ሥራ እንድዛወር ማመልከቻ ጽፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ፤ ለእማዬ እንኳ አልነገርኳትም።

አንድ ቀን ሰሌዳ ስጠርግ እጄ ቀኝ ጥጉ ላይ ሲደርስ ቆመ። ዘጠነኛ ክፍል አንተው አስተምረኸኛልና አስታውሳለሁ። የማታውቀውን ጥያቄ ከጠያቂው ስም ጋር እዚያ ጥግ ትጽፍና ዙሪያውን በመስመር ታጥረዋለህ፤ መልሱ እስኪገኝ ማንም አይነካውም። ሲገኝም የምታጠፋው አንተ አልነበርክም። መልሱን ፈልገህ ለጠያቂው ታሳየዋለህ፣ እሱ ወጥቶ ለክፍሉ አስረድቶ በገዛ እጁ ያጠፋል። አላዋቂነቱን ሰሌዳ ላይ የሚሰቅል መምህር እያሉ ሲያሙህ ትስቅ ነበር። እኔ ግን አፍርብህ ነበር፣ አባዬ። አንድ ጠዋት ከሁሉም ቀድሜ ገብቼ አጥፍቼዋለሁ። አንተም ማን አጠፋው ሳትል መልሰህ ጻፍከው። ይህን ሳልነግርህ ሄድክ።

በማግስቱ ክፍል ገብቼ፣ ስለ ነፋስ የነገርኳችሁ ስሕተት ነው፣ መልሱን አላውቅም ነበር፣ ዘይነባንም ያለ ጥፋቷ ተቆጣኋት አልኳቸው። ከዚያ ጥያቄዋን ከነስሟ ቀኝ ጥጉ ላይ ጻፍኩ። ቅዳሜ እሷንና ሁለት ጓደኞቿን ይዤ ሲሪንቃ የግብርና ምርምር ማዕከል ሄድኩ። አንድ የማሽላ ባለሙያ ማሳው ውስጥ ቁጭ ብሎ አንድ ማሽላ ከነሥሩ ነቅሎ አሳየን። ለካ ነጋሪው ማሽላው ራሱ ነው! እንደ አቧራ የደቀቀው የአቀንጭራ ዘር አፈር ውስጥ ለዓመታት ይተኛል፤ ማሽላው ከሥሩ የሚያመነጨው ነገር ሲደርሰው ይነቃል።

ሰኞ ዘይነባ ወጣች፣ እኔ ኋላ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ምነው በነበርክና ባየሃት! ሥሩን ሣለች፣ ዘሩን ሣለች፣ ለጠየቋት ሁሉ መለሰች። ስትጨርስ ዳስተሩን አንስታ ጥያቄዋን አጠፋች፤ ክፍሉ በጭብጨባ ተናወጠ። እኔም እያለቀስኩ አጨበጨብኩ። በሳምንቱ አባቷ ገበያ ላይ አግኝተውኝ እጄን በሁለት እጃቸው ያዙና፣ «አልሐምዱሊላህ፣ ልጄ ያረስኩትን ማሳ ለእኔው አስተማረችኝ» አሉኝ። ያን ቀን እቤት የገባሁት እየዘፈንኩ ነው፤ እማዬ ምን ሆነች ብላ ደነገጠች።

ማመልከቻው ሳይገባ ቀረ። ጀርባው ላይ የተማሪዎቼን ጥያቄ እጽፍበታለሁ፣ አሁን ሊሞላ ምንም አልቀረው። እጅ የማያወጣ ልጅ ጠፍቷል፤ ደወሉ ከተደወለም በኋላ አይለቁኝም።

ተዝካርህን አውጥተናል፣ እኔ ግን አንተን የማስብበት ቀን ቀጠሮ የለውም። ዛሬም ጥጉ ላይ አዲስ ጥያቄ ተጽፏል፣ መልሱን አላውቀውም፣ ደስም ብሎኛል። ቃሌ ይህ ነው፦ ይህን ጋዋን እስካወልቅ ድረስ ያን ጥግ ያለ ጠያቂው ማንም አያጠፋውም።

ያን ጠዋት ያጠፋችው ልጅህ