ሞራ የተቀባው ግንድ

ውድ አጎቴ ማሳምባ፣

መጀመሪያ ተቀመጥ። የምሥራች ነው፤ ጉልበትህ ደግሞ እንኳን የምሥራች አንተንም መሸከም አቅቶታል። መነጽርህን የምትፈልግ ከሆነ ግንባርህ ላይ ነው።

ሁለት ዓመት ሙሉ ለእናቴ እንጂ ላንተ አልጻፍኩም። ምክንያቱን ታውቀዋለህ። ጀልባህ ላይ ውሰደኝ ብዬ በለመንኩህ ቀን፣ የሴንት ሉዊ ዓሣ አጥማጅ ሁሉ ተሰብስቦ እየሰማ፣ «ባሕር ቀልደኛ አይወድም፤ አንተን ብወስድ ዓሣዎቹ ራሳቸው ይስቁብኛል» አልክ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። እኛ ዘንድ የእህት ልጅ በአጎቱ መቀለድ መብቱ ነው፤ አጎቱ በተራው ሲወጋው ማኩረፍ ደግሞ ነውር ነው። እኔ ግን አኮረፍኩ። ሳልሰናበትህም ከሴኔጋል ወጣሁ። ይኸው ጻፍኩት፤ ሁለተኛ አላነሳውም።

አሁን ያለሁት ጣሊያን አገር፣ ሲሲሊ፣ ማሪናዞ የምትባል የወደብ ከተማ ነው። ፀሐዩ እንደኛው ነው። ሰዉም እንደኛው ነው፤ ሲሳደብ ይጮኻል፣ ሲዋደድ ደግሞ የባሰ ይጮኻል። ሥራዬ የጋሽ ካሎጄሮን መረብ መጠገን ነበር። ጋሽ ካሎጄሮ «ስቴላ» የምትባል የዓሣ ጀልባ ባለቤትና አለቃ ነው፤ ፊቱ የደረቀ ዓሣ፣ ድምፁ የሞተር። ስምንት ወር ወደቡ ላይ ቁጭ ብዬ መረብ ስሰፋ ሌሎቹ ወጥተው ይመለሳሉ። የመኖሪያ ወረቀቴ መስከረም መጨረሻ ላይ ያልቃል። የሥራ ውል ካላሳየሁ አይታደስልኝም፤ ጀልባ ላይ ካልወጣሁ ደግሞ ውል የለም። ስለዚህ በየቀኑ እነዘንዘው ነበር።

«ጋሽ ካሎጄሮ፣ ዛሬስ?»

«ሸርጣኗን የረሳኋት መሰለህ?»

ሸርጣኗ ትንሽ ነበረች፣ አጎቴ። የሰውየው ቡትስ ውስጥ የገባችውም በገዛ ፈቃዷ ነው። እሺ፣ በሩን ያሳየኋት እኔ ነኝ። በአንድ እግሩ እየዘለለ ወደቡን ከዳር እስከ ዳር ሲያዳርስ ሰው ሁሉ አጨበጨበለት። ከዚያ ምን አለኝ መሰለህ? «ባሕር ላይ ለቀልደኛ ቦታ የለም!» ቁርጥ አንተን! ትጻጻፋላችሁ እንዴ?

ሐምሌ ላይ ከስቴላ ሠራተኞች አንዱ ሽማግሌ ጡረታ ወጣና አንድ ቦታ ተከፈተ። የጋሽ ካሎጄሮ እህት እትዬ ቲንዳራ ቦታውን ለልጇ ለሳሪኖ ፈለገችው። ሳሪኖ መልክም ጡንቻም አለው፤ ማዕበል ሲያይ ግን ሆዱን ይይዛል። እሷ በአንድ ጆሮው ትጮኻለች፣ እኔ በሌላው እለማመጣለሁ። ሰውየው ሲመረው ጠረጴዛውን በቡጢ መትቶ «ግንዱ ይፍረድ!» አለ።

የከተማው ጠባቂ ቅዱስ በዓል ነሐሴ ላይ ነው። ያን ቀን ረጅም ግንድ ከወደቡ ጫፍ ወደ ባሕሩ ያወጡና ሞራና ሳሙና ይለቀልቁታል። ጫፉ ላይ ባንዲራ ይሰካል። ጎረምሳው በባዶ እግሩ እየወጣ ይሞክራል፤ ይወድቃል፤ ሰው ይስቃል። ባንዲራውን ላመጣ ግን ግንዱ የሰጠውን ጳጳስም አይነጥቀውም ይላሉ።

«ከሁለታችሁ ባንዲራውን ያመጣ ስቴላ ላይ ይወጣል» አለ ጋሽ ካሎጄሮ። «ሁለታችሁም ካጣችሁት ከሌላ መንደር ሰው እቀጥራለሁ፤ እኔም አርፋለሁ።»

ለተራ ዕጣ ይጣላል። ሁሉም የሚጸልየው መጨረሻ እንዲደርሰው ነው፤ ፊት የወጡት እየወደቁ ሞራውን በሆዳቸው ይጠርጉለታላ። አሥራ ሁለት ነበርን። ከጋሽ ካሎጄሮ ቆብ ውስጥ ዕጣውን ሳወጣ አሥራ ሁለተኛ! ሳሪኖ አንደኛ! የልጁ ፊት እንደ ሊጥ ነጣ። እናቱ በሰው ፊት ደረቷን ደቃች።

ጠጋ አልኩት። «ሳሪኖ፣ እንቀያየር?»

«ትቀልዳለህ።»

«ዛሬ አልቀልድም። እናትህ አሳዘነችኝ።»

ሐሳቤን ሳልቀይር ወረቀቱን ከእጄ መንጭቆ የራሱን ሰጠኝ። ጋሽ ካሎጄሮ ራሱን ነቀነቀ። «ቀልደኛ ብቻ ትመስለኝ ነበር፤ ለካ ጅልም ነህ» አለኝ። እውነት እልሃለሁ አጎቴ፣ አንዴ ብወድቅ መስከረም ላይ ሻንጣዬን መሸከሜ ነው። ግን ግንዱን ጠዋት በጣቴ ነክቼው ነበር፤ ሞራው ስስ አልነበረም፣ ከዳር እስከ ዳር እኩል ተለቅልቋል። እንዲህ ባለው ግንድ ላይ ማንም አይራመድም። እኔም ለመራመድ አላሰብኩም።

«ሴኔጋል! ሳሙናውን በደንብ ጥረግልን!» ይላል ሕዝቡ።

«ለናንተ ልብስ ማጠቢያም እተውላችኋለሁ!» አልኩና ወደ ኋላ አፈገፈግሁ። «ፈራ! ፈራ!» አሉ። ከዚያ በሩጫ መጣሁ። የግንዱ ሥር ስደርስ ጎኔን ሰጥቼ፣ ጉልበቴን አጥፌ፣ አንዱን እግር ከፊት ሌላውን ከኋላ አድርጌ ተለቀቅኩ። አጎቴ፣ ተንሸራተትኩ! ማንም ገና ያልጠረገው ሞራ ራሱ ተሸክሞ ወሰደኝ። መሀል ላይ ተረከዜ ሸሸ፤ ሰማዩ ዞረ፤ «አለቀልኝ» አልኩ። ነገር ግን ፍጥነቱ አልለቀቀኝም። ልወድቅ ወደ ጎን ስጋደል ባንዲራው አፍንጫዬ ሥር ነበረ። ጨበጥኩት። አብረን ባሕር ገባን።

ስወጣ የሰማሁትን ጩኸት በወረቀት አልችለውም። የቤተ ክርስቲያኑ ደወል፣ የጀልባዎቹ ጡሩምባ፣ የሴቶቹ ጩኸት! ሳሪኖ ብቻ «ሌባ!» ይላል።

«ዕጣዬን ነጥቀህ ተራህን በገዛ እጅህ የሰጠኸኝ አንተ አይደለህ?»

እትዬ ቲንዳራ ነጠላ ጫማዋን አውልቃ መጣች። ጭንቅላቴን ልትመታኝ ስትል እጇን አዙራ ልጇን መታችው። «እኔ የሰው አገር ልጅ ተራውን በሞኝነት ሲሰጥ ዝም ብዬ አየሁ፤ አንተ ግን ምን ነካህና ሌባ ትለዋለህ?» ከዚያ እኔን «እርጥብ ልብስህን አውልቅ፣ ብርድ ይመታሃል» ብላ ተቆጣችኝ። በነሐሴ ፀሐይ!

ከውሃው በአንገቴ ጎትቶ ያወጣኝ ጋሽ ካሎጄሮ ነበር። በኋላ «ይህን ማን አስተማረህ?» አለኝ።

ነገርኩት። ሰፈራችን ጌት ንዳር አሸዋው ላይ ጀልባህ ቆማ ዓሣ ሲራገፍ፣ ጠርዟ በዓሣ ልጋግ ሲርስ፣ እኔ አጥፍቼ አንተ ዱላ ይዘህ ስትመጣ፣ አንተ በአሸዋው እኔ በጠርዙ ስንሯሯጥ። «በጠርዙ የሚራመድ ይወድቃል፤ የሚንሸራተት ያመልጣል። አጎቴ ስምንት ዓመት በዱላ ያስተማረኝ ይህን ነው» አልኩት።

ሰውየው ሲስቅ ሰምቼው አላውቅም ነበር። እንደ አሮጌ ሞተር ተንተክትኮ ተንተክትኮ ተነሣ። «ይህ አጎትህ ትልቅ ሰው ነው» አለ። «ጻፍለትና ዱላውን በፖስታ ይላክልኝ።»

ውሉን ትናንት ፈረምኩ። የወደቡ ጽሕፈት ቤት መዝጋቢ ሴት አንድ ቅጽ ሰጠችኝ፤ እስከ አምስተኛ ክፍል በተማርኩት እየተንደፋደፍኩ ሞላሁት። «ከዚህ በፊት በየትኛው ጀልባ ሠርተሃል?» የሚል ጥያቄ ነበረው። ጋሽ ካሎጄሮ «ባዶ ተወው» አለኝ። አልተውኩትም። «ስምንት ዓመት፣ በአጎቴ በማሳምባ ጀልባ» ብዬ ጻፍኩ፤ ስልክህንም ጨመርኩ። ደውለው ቢጠይቁህ አታሳፍረኝ። «አዎ፣ የኔ ሰው ነው» በላቸው። ለነሱ ባትል እንኳ ለኔ በለኝ።

ነገ ጠዋት ከስቴላ ጋር እወጣለሁ፤ ስመለስ እደውልልሃለሁ።

አኩርፎ የወጣው፣ አሁን ግን ከልቡ የሚስምህ፣
የእህትህ ልጅ ጎርጊ፣
የስቴላ ዓሣ አጥማጅ