ሙሽራው የሌለበት አልበም

ለክቡር የዜግነት ጉዳዮች መምሪያ ኃላፊ፦

ክቡርነትዎ ከነቤተሰብዎ፣ ከነማኅተምዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ባለቤቷ የዚህ አገር ዜጋ፣ ልጇም ዜጋ፣ ራሷ ግን ገና “አመልካች” የምትባል፣ ደጅዎን በመጥናት የምትታወቅ ሴት ነኝ። ማመልከቻዬን አንድ ሰው እንኳ እንዳይነካው አድርገው በመሳቢያዎ ስላቆዩልኝ እጅ እነሳለሁ።

፩. የጋብቻ ወረቀታችንን፣ የቤት ኪራይ ውላችንንና የልጃችንን የልደት ምስክር ወረቀት ባቀርብም፣ መሥሪያ ቤትዎ ልጅ መውለድ ትዳርን አያስረዳም ብሎ፣ ከባለቤቴ ጎን ቆሜ የተነሳሁትን ፎቶግራፍ በደጋፊ ማስረጃነት እንዳቀርብ አዘዘኝ። ባለቤቴ ፎቶ አንሺ ነው። ካሜራውን ለሰው እጅ ስለማያምን የገዛ ሠርጉን ያነሳው ራሱ ነው፤ በአልበማችን ሙሽሪት አለች፣ ሚዜዎች አሉ፣ ሙሽራው የለም። አማቴ እስከ ዛሬ፣ ልጄ በሠርጉ ዕለት የት ጠፍቶ ነው እያሉ ይስቁብናል። እርስዎ ግን ቀልዱን ወደ ውሳኔ ስላሳደጉት እናመሰግናለን።

፪. በመስኮት ያሉት ሠራተኛዎ አዝነውልኝ፣ በአንድ ከሰዓት ልብስ እየቀያየርን፣ ሶፋውንም እያዟዟርን የስንት ዓመት ትዳር የሚመስል ፎቶ ተነስተን እንድናመጣ መከሩኝ፤ ብዙዎች እንዲህ አልፈዋል አሉ። ከልብ የመነጨ ምክር ነው። እኔ ግን እውነተኛ ትዳሬን በሐሰት ምስክር አላቆምም።

፫. እናቴ ከድንበሩ ማዶ አልጋ ይዛለች። ያለ ፓስፖርት ከወጣሁ ወደ ልጄ መመለሻ የለኝም። ክቡርነትዎ በትዕግሥት እንድጠብቅ ጽፈውልኛል፤ ትእዛዙን ለእናቴ በሽታም በግልባጭ ቢያሳውቁልኝ ደስ ይለኛል።

እነሆ ከሠርጋችን እስከ ዛሬ ያለውን አልበም እንዳለ አያይዣለሁ። በየገጹ ያለችው እኔ ነኝ፦ ስስቅ፣ ስቆጣ፣ አርግዤ፣ ከእንቅልፌ ነቅቼ ፀጉሬን ሳላበጥር። አንዲት ሴት እንዲህ ሆና የምትታየው ለማን እንደሆነ ለማወቅ ደንብ አያስፈልግም። ይህ ካልበቃ ይከልክሉኝ፤ ሌላ ፎቶ ግን አልነሳም።

ከደጅዎ ሳልርቅ፣ አንገቴንም ሳልደፋ፣
ከላቀ አክብሮት ጋር
የፎቶ አንሺው ሚስት

የረሳሁት፦ በእንግዳ መቀበያዎ የተሰቀለውን ግርማ ሞገስ ያለው ምስልዎን ያነሳው ባለቤቴ ነው። እዚያም ላይ ጎንዎ ቆሞ አይታይም። በደንብዎ መሠረት ክቡርነትዎን ያነሳ ሰው ስለሌለ፣ ደጋፊ ማስረጃ እስኪያቀርቡ ድረስ ምስሉን ከግድግዳው ቢያወርዱት መልካም ነው።