ስለ እግረኛ ድልድዩ ቀሪ አራት በመቶ

ለክቡር የእግረኛ መሻገሪያ ድልድይ ፕሮጀክት ሥራ አስኪያጅ፣
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ እርስዎንም፣ ባልደረቦችዎንም፣ በቢሮዎ ግድግዳ ላይ በአምስት ቀለም የተሰመረውን የጊዜ ሰሌዳም በፍጹም ጤንነት እንዲያገኛችሁ እመኛለሁ። እኔ ከመንገዱ ዳር ባለው ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ የምኖር፣ ሠላሳ አንድ ዓመት መዝገብ ቤት ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ። ሥራው ከመጀመሩ በፊት ነዋሪውን ሰብስበው ስለ ፕሮጀክት አመራር መሠረታዊ ነጥቦች የግማሽ ቀን ሥልጠና ሲሰጡን፣ ከፊት ተቀምጬ አንድም ቃል ሳላስቀር ስጽፍ የነበርኩት እኔ ነኝ። “እማማ፣ እርስዎ እኮ ባለድርሻ አካል ነዎት” ያሉኝ ዕለት፣ ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ እንዲህ ያለ ማዕረግ የሰጠኝ ሰው ስላልነበረ፣ ደስ ብሎኝ ቤቴ ገባሁ። ስላከበሩኝ ዛሬም አመሰግናለሁ።

ማስታወሻዬ አሁንም በእጄ ስላለ፣ ቅሬታዬን በእርስዎው ትምህርት ቅደም ተከተል አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ዓላማ። ፕሮጀክት ሁሉ “ይህ ሥራ ለማን ነው?” ከሚል ጥያቄ ይነሣል ብለውናል። በወቅቱ የጠየቀኝ ስላልነበረ መልሴን አሁን ልስጥ። እትዬ እያልኩ የምጠራት ታላቅ እህቴ ከመንገዱ ማዶ፣ ከመስኮቴ ትይዩ ትኖር ነበር። በመካከላችን አርባ እርምጃ ነበር፤ ቆጥሬዋለሁ። አንድ ቀን እሷ፣ አንድ ቀን እኔ እየተሻገርን ምሳ አብረን እንበላ ነበር። መንገዱ ሰፍቶ መሐሉ በብረት አጥር ሲዘጋ፣ ድልድዩ በስድስት ወር ይደርሳል ስለተባለ፣ ስድስት ወር ምን አላት ብለን ታገሥን።

ሁለተኛ፣ የሥራው ወሰን። ድልድዩ በስድስተኛው ወር በእርግጥ ተሰቅሏል። በማዶ በኩል ደረጃ አለው፣ በእኛ በኩል የለውም። የእኛ ደረጃ በሚያርፍበት ቦታ ሥር የውሃ ቱቦ መኖሩ የታወቀው ብረቱ ከተሰቀለ በኋላ ነው፤ ቱቦውን የሚያውቁት የውሃ ሠራተኞች ለሥልጠናው አልተጋበዙም ነበርና። ስለዚህ ደረጃችን “ከወሰን ውጭ” ተባለና ሪፖርትዎ ሥራው ዘጠና ስድስት በመቶ መጠናቀቁን አበሠረ። የሕንፃችን ዘበኛ ድልድዩን “መዝለያው” ይለዋል። እኔ ስሌቱን አልነቅፍም፤ ቀሪው አራት በመቶ የምወጣበት ሆኖብኝ ነው እንጂ።

ሦስተኛ፣ የስጋት መዝገብ። ዝናብ፣ የሲሚንቶ እጥረት፣ የክሬን ብልሽት በየተራቸው ሰፍረዋል። የሰባ አራት ዓመት ሴት ጉልበት ግን አልሰፈረም። እህቴ ደረጃ አላት፣ መውጣት አትችልም፤ እኔ መውጣት እችላለሁ፣ ደረጃ የለኝም። እንዲህ ያለ የተመጣጠነ የሥራ ክፍፍል በሠላሳ አንድ ዓመት አገልግሎቴ አላየሁም። በታክሲ ዞሮ ለመድረስ አንድ ሰዓት ስለሚፈጅ በሳምንት አንዴ ብቻ እሄድ ነበር። በሌላው ቀን በየመስኮታችን ቆመን በስልክ እናወራለን። ጆሮዋ ደክሟልና መኪናው ሲበዛ አትሰማኝም፤ ያን ጊዜ ስልኩን ዘግተን እንተያያለን።

አራተኛ፣ ተግባቦት። እዚህ ላይ ቁጥሬን ትቼ የሆነውን ብነግርዎ ይሻላል።

በአሥረኛው ወር፣ አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ፣ የእህቴ መጋረጃ አልተከፈተም። ደወልኩ፣ አላነሳችም። በነጠላ ጫማ ወርጄ አጥሩን ይዤ ቆምኩና፣ በማዶ ጎማ የሚጠግነውን ሰውዬ በስሙ ስለማላውቀው “ወንድሜ” እያልኩ ጠራሁት። ከመኪናው ጩኸት የተነሣ እስኪሰማኝ ድረስ ብዙ ቆየሁ። በመጨረሻ አየኝና በእጄ መስኮቷን ባሳየው ገባው፤ ሮጦ ወጣ፣ በሩንም ሰበረ። መታጠቢያ ቤት ወድቃ ዳሌዋ ተሰብሮ፣ ከነጋ ጀምሮ እዚያው ተኝታ ነበር። ሰውዬውና ሁለት ጎረቤቶች በአንሶላ ይዘዋት ሲወርዱ፣ ታክሲ ውስጥ ሲያስገቧት፣ አንድ እጇ ተንጠልጥሎ ሲወዛወዝ፣ ሁሉንም በአርባው እርምጃ መሐል፣ ከአጥሩ ወዲህ ቆሜ አየሁ። ስሟን ጠራሁ፤ አልዞረችም። ሐኪም ቤት ስደርስ ቀዶ ሕክምና ክፍል ገብታ ነበር።

ከሐኪም ቤት ስትወጣ፣ ሌላ ከተማ የምትኖረው ልጇ መጥታ ወሰደቻት። ልጅቱን አልወቅሳትም። “አክስቴ፣ ብቻዋን ትቻት ብሄድ ማን ይደርስላታል?” ስትለኝ፣ እኔ አለሁ ለማለት አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት።

በሄዱ በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ደረጃችን ተሠርቶ አለቀ።

በማግስቱ ወጣሁ። ጥራቱን በተመለከተ ምንም ቅሬታ የለኝም፤ ድልድዩ አይንቀጠቀጥም። ወርጄ በትርፍ ቁልፌ ቤቷን ከፈትኩ፣ መስኮቶቹን አናፈስኩ፣ በወንበሯም ተቀመጥኩ። ከዚያ ሆኖ የእኔ መስኮት እንዴት እንደሚታይ ልብ ብዬ አላውቅም ነበር። ትንሽ ነው፤ እዚያ የሚቆመውን ሰው ፊት ለመለየት እንኳ ይከብዳል። ለካ እሷ አሥር ወር ሙሉ የምታየው ፊቴን ሳይሆን አንዲት ጨለም ያለች ጥላ ኖሯል። ምሳ ሰዓት ሲያልፍ ዘግቼ ተመለስኩ። አሁንም አንዳንድ ቀን እሻገራለሁ፤ የምሄድበት ስለሌለ መሐሉ ድረስ ደርሼ እመለሳለሁ።

በቅርቡ ባከፋፈላችሁት ቅጽ ላይ “ከፕሮጀክቱ ምን ትምህርት ተወሰደ?” የሚል ባዶ ቦታ አይቻለሁ። ሁለት መስመር ብቻ ስለተተወልኝ ሳልሞላ መልሻለሁ፤ ስለ ፎርሙ ንጽሕና ግን ምስጋናዬን ይቀበሉኝ።

ለሚቀጥለው ሥራዎ ጥርጊያው የቀና እንዲሆንልዎ፣ የሚወዷቸውም ሁሉ በተመሳሳይ የመንገድ ዳር እንዲኖሩልዎ ከልብ እየተመኘሁ፣ በትሕትና እጅ እነሣለሁ።

የሦስተኛ ፎቋ ጡረተኛ

ማስታወሻ፦ በመዝጊያ ሪፖርትዎ ሽፋን ላይ፣ ድልድዩ ላይ ቆሜ ዓይኔን በመሐረብ ስጠርግ የተነሣሁት ፎቶግራፍ “ተጠቃሚዋ የደስታ እንባ ሲያነቡ” የሚል ጽሑፍ ተጽፎበታል። ለእህቴ አንድ ቅጂ ልኬላታለሁ። ጽሑፉን ግን በመቀስ ቆርጬ ነው የላክሁት፤ እሷ ለቅሶዬን ለይታ ታውቀዋለች።