የወይዘሮ ረቢአ ሙሀዲንና የወንዝ ዳር ሕንፃቸው ታሪክ

በአላህ ስም፣ ለአልቃሹም ለአጽናኙም ሰላምታ አቅርቤ እጀምራለሁ።

ወይዘሮ ረቢአ ሙሀዲን ከአባታቸው ከአቶ ሙሀዲን ዑመርና ከእናታቸው ከወይዘሮ መድና ኢሳ በ1954 ዓ.ም. በጨፋ ሮቢት ተወለዱ። ይህን የማነብላችሁ ኸይረዲን ታናሽ ወንድማቸው ነኝ። እህቴ ቁርአን ቀርተው፣ ማንበቡን ከጨረሱ በኋላ ዘመናዊ ትምህርታቸውን በጨፋ ሮቢትና በከሚሴ እስከ ስምንተኛ ክፍል ተከታትለዋል። በሒሳብ አንደኛ ይወጡ ስለነበር መምህሩ እኔን የረቢአ ወንድም ይሉኝ ነበር እንጂ ስሜን አልያዙትም።

በ1972 ዓ.ም. ከአቶ ዘይኑ ጋር ትዳር መሥርተው ሳሚያንና ኢርፋንን ወለዱ። ከሚሴ ላይ የእህል መደብር ከፍተው፣ ባለቤታቸው ከሞቱ በኋላም ብቻቸውን አስኬዱት።

አባታችን በ1996 ዓ.ም. ሲያርፉ ከሚሴ ውስጥ ሁለት ቦታ ትተውልን ነበር፤ አንዱ አስፋልት ዳር፣ አንዱ ታች ወንዝ ዳር። ምርጫው ለእኔ ተሰጠኝና አስፋልቱን ወሰድኩ። ክረምት በመጣ ቁጥር ውሃ የሚተኛበትን፣ ትንኝ የሚፈላበትን ቦታ ማን ጤነኛ ይመርጣል? ወይዘሮ ረቢአ ወንዝ ዳሩን ተቀበሉ። ሰዉ እኔን ብልጥ፣ እሳቸውን ምስኪን አለ። ያን ሰሞን እንዴት ደስ ብሎኝ ነበር!

በ2008 ዓ.ም. ወንዙ በድንጋይ ግንብ ተይዞ፣ የታችኛው መንገድ ኮብልስቶን ሲነጠፍና ገበያው ወደዚያ ሲሳብ ነገሩ ተገለበጠ። ወይዘሮ ረቢአ ወለድ ሳይነኩ ሕንፃ ጀመሩ። ምድር ቤቱን በእህሉ ትርፍ አቆሙ። አንደኛውን ፎቅ ከወደፊት ተከራዮች የሁለት ዓመት ኪራይ በቅድሚያ ተቀብለው ሠሩት። ለሁለተኛው ፎቅ ሸሪክ ፈለጉ፤ የባቲውን የግመል ነጋዴ ጠየቁ፣ መድኃኒት ቤት ያላትን ሰሊማን ጠየቁ፣ ግንበኛውን ሳይቀር ጠየቁ። እኔን ግን አልጠየቁኝም። ገንዘቤን አዘጋጅቼ፣ ጀለቢያዬን ለብሼ በየቀኑ በዚያ በኩል አልፍ ነበር። ሰላም ይሉኛል፣ ልጆቹ ደህና ናቸው ወይ ይሉኛል፣ ና ምሳ ብላ ይሉኛል። ስለ ሽርክናው ትንፍሽ የለም።

ዛሬ ምድር ቤቱን ባንክ ተከራይቶታል። ሥራ አስኪያጁ እሳቸው ሲገቡ ብድግ ይል ነበር፤ እኔን ተራህን ጠብቅ ይለኛል። የእኔ ሱቅ ደጃፍ ላይ ባጃጅ ይታጠባል። ቀናሁ፣ አዎ። ጀናዛ ፊት ቆሞ አይዋሽም፤ አሁንም አንጀቴ ያርራል።

ባለፈው ዓመት በኩላሊት ሕመም ተይዘው በደሴና በአዲስ አበባ ሲታከሙ ቆዩ። ሕመሙ ሲጠናባቸው ወደ ቤታቸው ተመልሰው ሰዉን አስጠሩ። ተከራዮቻቸውን፣ ሸሪኮቻቸውን፣ ደላላውን፣ አንድ ቀን የተቆጧትን የጽዳት ሠራተኛ እንኳ አፉ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ ብለው ለመኑ። እኔ በሩ አጠገብ ተቀምጬ ጠበቅኩ። ማንንም አላስቀሩም፤ እኔን ብቻ ዘለሉኝ። ሐሙስ ጥቅምት 13 ቀን 2018 ዓ.ም. ወደ አኼራ ሄዱ።

ዛሬ ጠዋት ልጃቸው ሳሚያ እያለቀሰች ነገረችኝ። አጎቴን ለምን አፉ በለኝ አላልሽውም ብትላቸው ተቆጥተው፣ ኸይረዲንን ምን ብዬ ልጠይቀው፣ የእሱና የእኔ የሚባል ነገር መቼ አለንና አሏት። ሽርክናውንም ያልጠየቁኝ ለዚሁ ኖሯል፤ ለእሳቸው ሸሪክ ማለት ባዳ ነው። ይሁን። እኔ ግን እንዲጠይቁኝ እፈልግ ነበር።

ወይዘሮ ረቢአ ሁለት ልጆች፣ ስድስት የልጅ ልጆችና አንድ ወንድም ትተዋል። እዚህ የቆማችሁ ሁሉ፣ እሳቸው ላይ ሐቅ፣ ያልተከፈለ ዕዳ ያላችሁ ለልጆቻቸው ንገሩ፤ ያስቀየሟችሁም ካላችሁ ስለ አላህ ብላችሁ አፉ በሏቸው። ረቢ ቀብራቸውን ያስፋላቸው፣ ጀነተል ፊርደውስን ይወፍቃቸው።

እኔም አፉ ብዬሻለሁ፣ እቴ፤ ባትጠይቂኝም።